ጾም የማይሽር መርፌ

በመሥሪያ ቤቴ ቅጽ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ለስድስት ዓመት ያህል ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። የልደት ወረቀት በማይታወቅበት ዘመን የተወለደ ሰው ዕድሜውን እንደሚመቸው አድርጎ ይናገራል፤ እኔም ያችን ቁጥር ስለወደድኳት አልለቃትም አልኩ። ጸሐፊዋ በየዓመቱ ቅጹን ስትሞላ ቀና ብላ ታየኛለች፣ እኔም ቀና ብዬ አያታለሁ፣ ከዚያ ሠላሳ ስምንት ብላ ትጽፋለች። እውነቱን ለመናገር ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ዳዊት ለመጨረስ ጥቂት የቀረኝ ልጅ ነበርኩ። ማስላት የፈለገ ያስላ።

ሥራዬ የስልክ መስመር መጠገን ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከየካ ተራራ ግርጌ ሰፊ ግቢ ነበረው፤ የስልክ እንጨቱ፣ የሽቦው ጥቅል፣ መሰላሉ ሁሉ እዚያ ይከመራል። ነፋስ የጣለውን እንጨትና የተበጠሰውን ሽቦ እየፈለግን በእንጦጦ ጀርባ እስከ ሱሉልታ እንሄዳለን። መኪና ግማሽ መንገድ ያደርሰናል፣ ቀሪው በእግር ነው። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሩጫ ውድድር ማድረግ ሲጀምሩ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ማኅተም የሚመቱ ሰዎች ከእኛ ጋር አንድ መነሻ ላይ መቆማቸው ያሳዝን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንደኛ ወጣሁ። ጉራ አይደለም፤ ያየ ሰው ሞልቷል።

ቡድናችን አምስት ሰው ነበር። ስድስተኛው ተጠባባቂ ይባላል፤ የተጠባባቂ ሥራ ደግሞ የአምስቱን ልብስ መያዝ ነው። የእኛ ተጠባባቂ የቅርብ ጓደኛዬ ነበር። አንድ መሰላል ላይ ነው የምንሠራው፤ እኔ ላይ ሆኜ ሽቦ ስስብ እሱ ታች ሆኖ መሰላሉን ይይዛል፣ በማግስቱ ተራ እንቀያየራለን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁምጣና ካናቴራችንን ለብሰን፣ ሸራ ጫማችንን አጥብቀን፣ ከየካ ተነስተን በፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንሮጣለን። ማንም አላዘዘንም፤ የሚከፍለንም የለም። የሰፈሩ ሰው «ማን አባሯቸው ነው?» እያለ ይስቅብናል። ጓደኛዬ ጎበዝ ሯጭ ነበር፤ ግን በየዓመቱ ማጣሪያ ላይ ስድስተኛ ይወጣል። ለዘጠኝ ዓመት ልብሴን ያዘልኝ። እኔ ጨርሼ ስመጣ ኮቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «ደህና ሮጥክ» ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በጨዋታ መሐል፣ «እኔም እኮ ኮት አለኝ» አለኝ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ሰው የሚያረጀው ቀስ በቀስ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ያረጀሁት በአንድ እሑድ ጠዋት ነው። ሁለታችን አቀበቱን እየወጣን ሳለ ጓደኛዬ ከፊቴ ሆነ። ይሄ ሆኖ አያውቅም። ትንሽ እንደራቀኝ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታትና ማሰር ጀመረ። ደርሼ ሳየው ማሰሪያው ደህና የታሰረ ነበር። እየጠበቀኝ ነበር። እግዜር ይስጥህ ማለት ሲገባኝ የዚያን ቀን ጠላሁት።

ከዚያ ወዲህ ሰውነቴን እንደ ሌባ መከታተል ጀመርኩ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ጉልበቴ ይንቋቋል። መሰላል ስወጣ ሰባተኛው እርከን ላይ ሽቦውን የማይ መስዬ አርፋለሁ። ሚስቴ «ስትቀመጥ እህ ማለት ጀምረሃል» ስትለኝ «አላልኩም» አልኩና ለመነሳት ስሞክር እህ አልኩ። በውድድሩም አንደኛ የነበርኩት ሰውዬ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያልኩ ወርጄ ባለፈው ዓመት አምስተኛ ሆኜ ነበር። ከእኔ በታች ያለው ልብስ የሚይዘው ሰው ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት አራቱ ወጣቶች ቦታቸው የታወቀ ነበር። የቀረችው አምስተኛዋ ቦታ ነበረች፣ እሷም ወይ የእኔ ወይ የጓደኛዬ ናት። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ አላወራንበትም። ለእሱ ያቺ ቦታ አንድ ጊዜ እንኳ ልብሱን ሰው እንዲይዝለት ነበረች። ለእኔ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ መሆኑን የምታረጋግጥልኝ ወረቀት ነበረች። ሌሎችም ለማጣሪያው ተመዝግበው ነበር፤ ከነሱ መሐል ለእንጨቶቻችን ጉድጓድ የሚቆፍር ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ይገኛል። ቤቱ ከኪዳነ ምሕረት ጀርባ ነው፣ በቤቱ ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ የሚናገር፣ ዝምተኛ፣ እጁ ከዶማው እጀታ የጠነከረ ሰው። ከቁጥር ያስገባው አልነበረም። እኔማ ጨርሶ አላሰብኩትም።

የክፍላችን ኃላፊ ፈረንጅ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን የእኛን ጾም አያውቅም። ማጣሪያውን ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት አደረገው፤ ያውም በሁዳዴ እኩሌታ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፋችን አይዞርም። «ቀኑ ይቀየርልን» ብንለው «ሁላችሁም አንድ ላይ ከራባችሁ እኩል ናችሁ» አለ። ነገሩ ሲታይ ትክክል ነበር።

አሁን ድሬሰሩ ይመጣል። መሥሪያ ቤታችን ትንሽ ክሊኒክ ነበረችው፣ እዚያ የሚሠራው ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፤ ለእኛ ግን ዶክተር ነበር። ያኔ ሰው በመርፌ ያምን ነበር። ኪኒን ብቻ ሰጥቶ የሚሸኝ ሐኪም በሽተኛውን እንደናቀ ይቆጠራል፤ «ሳይወጋኝ መለሰኝ» ብሎ ቅር ብሎት ሌላ ሐኪም የሚፈልግ ብዙ ነው። እኔም ከዚያው ሕዝብ ነኝ። ጉልበቴን ላሳየው ሄጄ ወሬ ወሬን ሲያነሳ፣ በከተማው ውስጥ ብስክሌት ከሚወዳደሩት ፈረንጆች አንዱ ስለሰጠው መድኃኒት አጫወተኝ። ድካም ያስረሳል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ አቀበቱን ሜዳ ያደርገዋል አለኝ። ኪኒንም አለው፣ በብልቃጥ የሚመጣ መርፌም አለው። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ያኔም አልያዝኩትም።

«ኪኒኑ ይሻልሃል፣ ጠዋት በውሃ ትውጠዋለህ» አለኝ።

«ዓርብ ነው፤ ውሃ እንዴት አድርጌ?»

ትንሽ አሰበና «መርፌ እኮ በአፍ አይገባም» አለኝ።

እስቲ አስቡት። አንድ ጤነኛ ሰው ጓደኛውን ለመቅደም መድኃኒት ሊወጋ ነው፤ የሚያስጨንቀው ግን ጾሙ ነው። ሦስት ቀን ያህል ያንን ነገር አወጣሁ አወረድኩ። በመጨረሻ የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ «አባቴ፣ መርፌ ጾም ይሽራል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለታመመ ሰው አይከለከልም» አሉኝ። «ምንህን ታመህ ነው?»

«ዕድሜ ነው መሰለኝ አባቴ።»

ሳቁ። «ዕድሜ በሽታ ከሆነ እኔ ከሞትኩ ቆይቻለኋ» አሉኝና ባርከው ሸኙኝ። የፈለግሁትን መልስ ይዤ ወጣሁ። ምን ልታደርግበት ነው ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ጥያቄውን በሙሉ ስለ አፍ አድርጌው ነበር፣ ስለ እግር የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድሬሰሩ ክሊኒኩን ዘግቶ ወጋኝ። «ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። «ለማን ብዬ» አልኩት። እየቆየ አፌ ደረቀ፣ ልቤ ደረቴን ከውስጥ ይመታው ጀመር፣ እንደ ጎረምሳ ቀለለኝ። መነሻው ላይ ስንቆም የማላውቃቸውን ሰዎች ሳይቀር አቅፌ ሰላም አልኩ። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበር። እሱም የዚያን ቀን አፉ አልገጠምም ብሎ ነበር፤ ማውራት የማያውቀው ሰው ያወራል። ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሩጫው ከግቢያችን ተነስቶ በፈረንሳይ በኩል ኪዳነ ምሕረት ደርሶ መመለስ ነው። አራቱ ወጣቶች ገና ከመነሻው ጥለውን ሄዱ፤ እነሱን ማን ይከተላል። ከባሕር ዛፉ ስንገባ ቀድሜ ነበር። በአንድ ጎኔ የጓደኛዬን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ በማጣሪያ እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም። በሌላው ጎን ደግሞ ሌላ ኮቴ መጣ። ጉድጓድ ቆፋሪው ነበር። ላቡ በፊቱ እየወረደ፣ አፉን ገጥሞ፣ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ጎኔ ሲደርስ «ይቅርታ ጋሼ፣ መንገድ» አለኝ። ሊያልፈኝ ነው። እኔም ያልነበረኝን ጉልበት አወጣሁና ጥዬው ሄድኩ። ጓደኛዬም ተከተለኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ዞረን ስንወርድ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ግቢው በር ላይ በአንድ ትከሻ ቀደምኩት።

ደስታዬን አልደብቅም። ሰው ከብቦኝ «አንተ ሰውዬ ሽማግሌ አይደለህም!» ሲል ጢሜን እያሻሸሁ ቆሜያለሁ። ጓደኛዬ ሳር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መጥቶ ኮቴን ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። «ደህና ሮጥክ» ግን አላለኝም። ከኋላችን የገባው ጉድጓድ ቆፋሪ ትንፋሹ ሲመለስለት መጥቶ በአክብሮት ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ እንዴት ቻሉት? ምን ቢያደርጉ ነው?»

«ጾም ነው ልጄ» አልኩት። «ጾምና የእንጦጦ አየር።»

የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ የቆጡን ዕቃ በሙሉ አውርጄ እንደገና ሰቀልኩት፣ አጥሩን ጠገንኩ፣ ሳላቋርጥ አወራሁ። እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ሚስቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ ነገርኳት፤ ከእሷ የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ሰምታ ሰምታ «ጾምህንስ አልሻርክም» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔም ያመሰገነችኝ መሰለኝ።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጓደኛዬ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። ቤቱ ኮተቤ ነው፤ ከዚያ ድረስ ድንጋይ ተሸክሞ በመንገዱ ሰው ሁሉ ፊት መጥቷል። የአገራችን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በርህ ላይ ከቆመ በድሎሃል ማለት ነው፤ አንተ ካላወረድክለት አያወርድም።

«ምን ሆነሃል? ግባ እንጂ!» አልኩት።

«አልገባም። በድዬሃለሁ» አለኝ። «የማጣሪያው ዕለት ተወግቼ ነው የሮጥኩት። ድሬሰሩ ኃይል የሚሰጥ መርፌ ወግቶኝ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሮጠን በመርፌ ልቀድምህ አሰብኩ። እግዚአብሔር ግን አልፈቀደልኝም። አንተ በባዶ ሆድህ፣ በገዛ እግርህ ቀደምከኝ። ይኸውልህ፣ በመርፌም አልቻልኩህም። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ።»

በዚያች ደቂቃ በልቤ ያለፈውን ልናገር፤ ብዙ ጊዜ አልፎታልና አያሳፍረኝም፣ ቢያሳፍረኝም ልናገር። መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው። እኔም ተወግቻለሁ፣ እሱም ተወግቷል፤ እንግዲያው በእኩል ተወዳድረን አሸንፌዋለሁ። ከዚያ ቀጥሎ «እኔም እኮ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ጓደኛዬ ግን ቀና ብሎ እያየኝ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሰው በሕይወቴ የለም። ያንን አስተያየት ማጣት አልፈለግሁም። ሁለት እጄን ዘርግቼ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረድኩና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። እኔም አልከለከልኩትም።

ድንጋዩ ግቢያችን ውስጥ ቀረ። እሑድ ሚስቴ ዙሪያውን ጠረገች። ሰኞም ዙሪያውን ጠረገች። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ መጥረጊያዋን ይዛ ድንጋዩ አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«ይሄ ከባድ ነው?» አለችኝ።

«ምኑም አይከብድም።»

«እንግዲያው ኮተቤ ድረስ አያቅትህም።»

ስለ ድንጋዩ ተነጋግረን አናውቅም፤ እሷ ግን ቅዳሜ ዕለት ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሚስቴ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ስትናገር ደግሞ ሌላ የሚባል ነገር አታስተርፍም። ድንጋዩን አንስቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁና ወጣሁ።

ገና ፀሐይ ነበረች። የሕማማት ሰሞን ስለሆነ ሰው ሰላምታም አይሰጥም፤ ግን ከማየት የሚከለክለው የለም። በደሴ መንገድ ዳር ጎማ የሚያስተካክል አንድ ሾፌር አይቶኝ «አባባ፣ ሰው ገደሉ እንዴ?» አለኝ። «አልገደልኩም፣ አባባም አይደለሁም» አልኩትና አለፍኩ። ላምበረት ስደርስ አንገቴ ደንዝዞ ነበር። ድንጋዩ ይከብድ ነበር፤ ሚስቴን የዋሸኋት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ጓደኛዬ በሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። ድንጋዩን አወቀው። ተነሳና ሊያወርድልኝ እጁን ዘረጋ።

«ተው፣ መጀመሪያ ስማኝ» አልኩት። «እኔም ተወግቻለሁ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰው እጅ። አንተ በመጣህ ጊዜ አውቄ ዝም አልኩ።»

እጁ በአየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወረደ። ተመልሶ ተቀመጠ፤ እግሩን አጥቦ ጨረሰ፤ አደረቀ። እኔ ድንጋዬን እንደተሸከምኩ ቆሜያለሁ።

«መርፌውን ተወው» አለኝ በመጨረሻ። «ቅዳሜ ዕለት የሰጠኸኝን መልስልኝ።»

«ምን ሰጠሁህ?»

«ይቅርታውን ነዋ! ቤቴ ገብቼ ልጆቼ ፊት ‘ይቅር አለኝ’ ብዬ አውርቻለሁ። ሆሳዕና ዕለት ንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ ‘ታርቄያለሁ’ ብያለሁ። ከማን ጋር ነው የታረቅሁት? ጉልበትህን ስሜ መጣሁ እኮ! መልስልኝ!»

እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሚስቱ ከቤት ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች። ሰው የሰጠውን ይቅርታ እንዴት አድርጎ እንደሚመልስ አላውቅም ነበር፤ የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም።

«መለስኩት» አልኩ። «ይቅር የምልበት አፍ አልነበረኝም። አላልኩህም ማለት ነው።»

ይቅር ይለኛል፣ ያወርድልኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን መንገዱን አሻግሮ ወደ እንጦጦ እያየ ነበር።

«እኔና አንተ እንግዲህ እኩል ነን» አለ ቀስ ብሎ። «አንተም ተወጋህ፣ እኔም ተወጋሁ፣ አንተ ቀደምከኝ፣ አበቃ። እርስ በርሳችን ድንጋይ እንመላለሳለን። ከኋላችን የገባውን ማን ጠየቀው?»

እውነቴን ነው፣ ማን እንደሆነ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ። ሳስታውሰው ድንጋዩን ራሴ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። አምስተኛዋ ቦታ የእኔም የጓደኛዬም አልነበረችም። በባዶ ሆዱ፣ በገዛ እግሩ የሮጠው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም መንገድ ለቅቀን እንድናሳልፈው በትሕትና ጠይቆን ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሁለታችን ኃላፊው ፊት ቀርበን ተናገርን። ፈረንጁ ሁለታችንንም በየተራ አየን፣ ስማችንን ሰረዘ፣ የጉድጓድ ቆፋሪውን ስም ጻፈ። ከዚያ ክሊኒክ ሄጄ ድሬሰሩን «ሁለታችንን በአንድ ቀን ስትወጋ ምን አስበህ ነው?» አልኩት። «ሁለታችሁም ታምሜያለሁ ብላችሁ ነው የመጣችሁት» አለኝ። የክሊኒኩን በር ዘግቼለት ወጣሁ።

በጸሎተ ሐሙስ ከሥራ ወጥተን የየራሳችንን ድንጋይ ተሸክመን ወደ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። ዘጠኝ ዓመት በሮጥንበት አቀበት ላይ ቆም እያልን፣ እያረፍን፣ እየተደጋገፍን ነው የወጣነው። የጫማ ማሰሪያውን የሚያስር አልነበረም፤ ሲደክመን ደክሞናል እንላለን። እኔ አርባ አራት ዓመቴ መሆኑን እዚያ ነገርኩት። «አውቃለሁ፣ እኔ ብቻ መሰለህ የማውቀው?» አለኝ። በዚያ የሕማማት ሳምንት የመጀመሪያው ሳቃችን ነበር።

ጉድጓድ ቆፋሪው ቤቱ በር ላይ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሲያየን መጥረቢያውን ጣለና «እናንተ ትልልቅ ሰዎች፣ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ሮጦ መጣ። እናቱ ከውስጥ በኦሮምኛ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሁሉንም ነገርነው። እኔ ጀመርኩ፣ ጓደኛዬ ጨረሰው። «ጾም ነው» ማለቴንም አልተውኩም።

ሰምቶን ሲያበቃ በሁለት እጁ መጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥሎ የጓደኛዬን ድንጋይ አወረደ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለን። ቅር ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ቦታው የእሱ እንደሆነ፣ ስሙ እንደተጻፈ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደሚሮጥ ነገርነው።

«አልሮጥም ጋሼ» አለኝ።

«ለምን?»

ፍልጡን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ። «እርስዎ ‘ጾም ነው’ ሲሉኝ ቤቴ መጥቼ አሰብኩ። እኔም ጾሜያለሁ። በእንጦጦ አየር የምኖረውም እኔ ነኝ። ልቤ እስኪፈነዳ ሮጬ ሁለት አባቶች ጥለውኝ ሄዱ። እንግዲህ ይሄ ሰውነት ለሩጫ አልተፈጠረም ብዬ ተውኩት። ጫማዬን ለእህቴ ባል ሰጠሁት፤ ሱሉልታ ነው ያለው፣ እርሻ ላይ ያደርገዋል።»

«አሁን ግን አወቅህ አይደል! ሰውነትህ ምንም አልሆነም!» አለው ጓደኛዬ።

«አወቅሁ» አለ። «በጭንቅላቴ አወቅሁ።»

ጫማዬን አውልቄ ዘረጋሁለት። በዓይኑ ለካውና «ይሰፋኛል» አለኝ። እግሩ ግን ከእኔ እግር ይተልቅ ነበር።

በባዶ እግሬ አጠገቡ ቆሜ ለመንኩት፤ ጓደኛዬም ለመነው። እሱ ደጋግሞ ይቅር ማለቱን ብቻ ይነግረን ነበር፣ ያልሰማነው መስሎት። በዚያ ዓመት መሥሪያ ቤታችን በአራት ሰው ሮጠ።